የኤአይ ዲዛይን መሣሪያ ለቡድናችን ልንመርጥ ነው፤ ዴሞው ሁሉ ያምራል፣ በምን እንለየው?

ያልተሰየመ_ፍሬም (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምሠራው ለድርጅቶች የሂሳብና የክፍያ ሶፍትዌር በሚያዘጋጅ ቡድን ውስጥ ነው። ሦስት ዲዛይነሮች ነን። ሁለት ፕሮዳክት ማናጀሮችና ደህና ቁጥር ያላቸው ዴቨሎፐሮችም አሉ። የዲዛይኑን በኩል የምመራው እኔ ነኝ። አለቃችን በቅርቡ አንድ ኮንፈረንስ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ አፕ ሲሠራ አይቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለንም። «ከእነዚህ አንዱን ምረጪ፣ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሁሉም ሰው ይጠቀምበት» ብሎኛል።

እጩዎቹን በሦስት ከፍያቸዋለሁ። አንደኛው ዲዛይን በምንሠራበት ሶፍትዌር በፊግማ ውስጥ ያለው ነው፤ ፈርስት ድራፍትና ፊግማ ሜክ። ሁለተኛው ከፕሮምፕት (በጽሑፍ ከሚሰጥ ትእዛዝ) ተነስቶ ስክሪን የሚያወጣ ነው፤ እንደ ዩዛርድና የጉግሉ ስቲች። ሦስተኛው በቀጥታ የሚሠራ ኮድ የሚሰጥ ነው፤ እንደ ቪዜሮ፣ ቦልትና ላቭብል።

ችግሬ ሁሉም ማማራቸው ነው። «የገቢና ወጪ ዳሽቦርድ ሥራልኝ» ስላቸው ሁሉም ዓይን የሚገባ ነገር አወጡ። ከላይ አራት ካርድ፣ መሃል ላይ ግራፍ፣ ከታች ሰንጠረዥ። ጥጋቸው ክብ፣ ጥላቸው ስስ፣ ቀለማቸው ወይን ጠጅ ቢጤ። ስማቸውን ብትሸፍኑብኝ የቱ የማን እንደሆነ አላውቅም።

የነጥብ ሰንጠረዥም ጀምሬ ነበር። ፍጥነት ከ5፣ ጥራት ከ5፣ ለአጠቃቀም መቅለሉ ከ5። እኔ ስሞላው አንዱ መሣሪያ አንደኛ ወጣ፣ ባልደረባዬ ሲሞላው ሌላው፣ ሦስተኛዋ ስትሞላው ደግሞ ሌላ። ያው ስሜታችንን በቁጥር ጻፍን እንጂ ምንም አልለካንም።

እና በቡድን ደረጃ ገምግማችሁ የመረጣችሁ ወይም ትታችሁ የወጣችሁ ካላችሁ፣ በምን ዓይነት ሥራ ፈተናችኋቸው? ምኑን ለካችሁት? «እሱማ እንደ ፍላጎትሽ ነው» የሚል መልስ ግን እንዳይመጣ፣ በፈጠራችሁ።

---

ባክሎግ_ጠባቂ

መጀመሪያ ለአለቃሽ የኮንፈረንሱን ትኬት የገዛለትን ሰው እንፈልገው።

ቀልዱን ልተወውና፣ እኔ ፕሮዳክት ማናጀር ነኝ። «አንዱን ምረጪ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ትክክል አይመስለኝም። ሦስት ቦታ የከፈልሻቸው ሦስት የተለያየ ሥራ ስለሚሠሩ ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ሐሳብ ላይ ስፕሪንት (የአንድ ዙር የሥራ ጊዜ) ከማቃጠላችን በፊት ደንበኛ የሚነካካው ነገር ነው። ለዚያ ኮድ የሚያወጡት በቂ ናቸው፤ ከሐሙስ ስብሰባ በኋላ ይጣላል፣ ማንም አያለቅስለትም። የእናንተ የዲዛይነሮቹ ፍላጎት ሌላ ነው። የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ሰንጠረዥ ስታወዳድሪ ነው ቁጥሩ የተምታታብሽ።

---

ግራ_ጠርዝ

የመጠሪያ ስምሽ አስቆኛል። ለምን እንደሆነ ከታች ይገባሻል።

እኔ የምሠራው ዲዛይን ሲስተም ላይ ነው፤ ቡድኑ በጋራ የሚጠቀምባቸው ቁልፎች፣ ቀለሞችና ደንቦች ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ግምገማ ባለሁበት ቡድን የመራሁት እኔ ነበርኩ። የተማርኩት ነገር ቢጠቀለል አንድ ነው፦ ባዶ ገጽ ላይ አትፈትኚያቸው። ባዶ ገጽ የእነሱ ሜዳ ነው። እዚያ ሁሉም ጎበዝ ነው። የፕሮዳክት ቡድን ግን መቼ ነው ባዶ ገጽ የሚያገኘው? የኛ ሥራ አብዛኛው ያለ ስክሪን ላይ አንድ ነገር መጨመር፣ አንድ ነገር መቀነስ፣ የሆነ ሰው የዛሬ ሦስት ዓመት የወሰነውን ነገር ሳይሰብሩ ማለፍ ነው።

ስለዚህ በጣም የሚያሳፍርሽን ስክሪን አምጪ። እኛ የመረጥነው የክፍያ ማጽደቂያውን ሰንጠረዥ ነበር። ዐሥራ አራት ዓምድ አለው። ፈላጊው፣ አጽዳቂውና ኦዲተሩ የሚያዩት የተለያየ ነው። ማጣሪያው ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ አለ፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ሰው ሥራ ለቋል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሰጠነው ሥራ ይኸው ነው፦ «በከፊል የተከፈለ» የሚባል አዲስ ሁኔታ ጨምርበት፤ ሌላውን አትንካ።

እዚህ ጋ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። አንዱ መሣሪያ (ስሙን አልጠራም፣ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል) ያወጣው ስክሪን ከሩቅ ሲያዩት እንከን የለውም። ጠጋ ብለን ቁልፉን ስንነካው የኛ ኮምፖነንት (አንዴ ተሠርቶ በየስክሪኑ የሚደገም ክፍል) አይደለም። የኛን ቁልፍ የሚመስል አራት ማዕዘን ነው፤ ላዩ ላይ ጽሑፍ ተቀምጦበታል። ቀለሙ ከቫሪያብላችን (በስም ከተቀመጠው የጋራ ቀለም) ጋር አልተያያዘም፣ ቁጥሩ በቀጥታ ገብቶበታል። የውስጥ ክፍተቱ 13 ፒክሰል ነው። የኛ መለኪያ 4፣ 8፣ 12፣ 16 እያለ ነው የሚሄደው፤ 13 ከየት መጣ? የሌየሮቹን (የስክሪኑን ንብርብሮች) ዝርዝር ስንከፍተው ደግሞ ማንም ስም ያልሰጣቸው ናቸው፦ ፍሬም 427፣ ፍሬም 428፣ ፍሬም 429። ይኸውልሽ ስምሽ።

ያንን ስክሪን ወደ እውነተኛ ኮምፖነንት መልሶ መገንባት ከዜሮ ከመሥራት ይከፋል። ከዜሮ ስትሠሪ ቢያንስ የምታደርጊውን ታውቂያለሽ።

ወደ መለካቱ ልምጣ። ሰዓቱን የምታቆሚው ምስሉ ሲወጣ አይደለም። ዴቨሎፐሩ «ከዚህ ተነስቼ መሥራት እችላለሁ» ሲል ነው። ጥያቄው ከቀረበበት ደቂቃ እስከዚያች ቃል ድረስ ያለው ነው ፍጥነት ማለት። ተመሳሳይ ክብደት ያላቸውን ሥራዎች ግማሹን በመሣሪያው፣ ግማሹን እንደ ድሮው አሠሪ። «ፈጠነልኝ» የሚለውን የሰው ቃል አትመኚ። በ2025 ሜትር የተባለ የምርምር ድርጅት 16 ልምድ ያላቸው ዴቨሎፐሮችን 246 ሥራ ላይ አስቀምጦ ነበር። ሰዎቹ ኤአይው 20 በመቶ ያህል አፈጠነን ብለው አመኑ። ሲለካ በ19 በመቶ አዘግይቷቸዋል። ጥናቱ በኮድና በዚያን ጊዜ መሣሪያዎች ላይ ነው፤ ለዲዛይን ያው ቁጥር ይሠራል አልልም። ስሜትና ሰዓት ተቃራኒ መንገድ ሊሄዱ እንደሚችሉ ግን አሳይቶናል። ያንቺም የ5 ነጥብ ሰንጠረዥ የወደቀው እዚያው ነው።

ሁሉም አንድ ዓይነት መምሰላቸው ደግሞ ምክንያት አለው። ኮድ የሚያወጡት ብዙዎቹ የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ሪአክት፣ ቴይልዊንድ፣ ሻድሲኤን የሚባሉ ዝግጁ የዌብ ገጽ መሥሪያዎች። ወይን ጠጁንም ብትጠይቂኝ፣ የቴይልዊንድ ፈጣሪ አዳም ዋታን በ2025 ቀልድና ቁም ነገር ቀላቅሎ ይቅርታ ጠይቆበታል፤ ከዓመታት በፊት የቴይልዊንድ ዩአይን ቁልፎች ሁሉ ኢንዲጎ (በሰማያዊና በወይን ጠጅ መካከል ያለ ቀለም) ስላደረጋቸው ነው ብሎ። ስለዚህ ለውበት ነጥብ አትስጪ። የመሠረቱ ውበት እንጂ የመሣሪያው አይደለም።

ይልቅ «ከምን ላይ ነው የሚገነባው?» ብለሽ ጠይቂ። የፊግማን የ2024 ታሪክ ታስታውሺ ይሆናል። ሜክ ዲዛይንስ የሚል ነገር ሰኔ ላይ አሳዩ። ሐምሌ ላይ አንድ ሰው የአየር ሁኔታ አፕ ሲያሠራው የአፕልን ቁርጥ የሆነ ነገር አወጣ። ፊግማ ወዲያው ዘጋው። በኋላ እንደገለጹት ሞዴሉ ከውጭ የተወሰደ ነው፤ የተገነባበት የኮምፖነንት ስብስብ ደግሞ በችኮላ የተጨመረና በደንብ ያልተፈተሸ ነበር። መስከረም ላይ ፈርስት ድራፍት ተብሎ ተመለሰ። መሣሪያው የራሱን ስብስብ ይዞ ከመጣ ውጤቱ ያንን ስብስብ ይመስላል፣ አለቀ። ያንቺን ላይብረሪ (የኮምፖነንት ስብስብ) ማንበብ የሚችል ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው።

አንድ ፈተና ብቻ አድርጊ ብትይኝ ግን ይቺን እመርጣለሁ። «ይህንን ብቻ ቀይር» በዪው። ለምሳሌ «ሁለተኛውን ቁልፍ ወደ ቀኝ ውሰደው»። ከዚያ የፊቱንና የኋላውን ስክሪን አንዱን በሌላው ላይ ደርቢና የታችኛው እንዲታይሽ የላይኛውን 50 በመቶ አደብዝዢው። ያላዘዝሽው ምን እንደተንቀሳቀሰ ወዲያው ይታይሻል። አንዱ መሣሪያ ቁልፉን በትክክል ወሰደልን፤ በዚያው የርዕሱን ፎንት አሳነሰ፣ የአንድ ዓምድ ስም ቀየረ፣ «ሰርዝ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ አጠፋው። ማንም አልነገረውም። ክፍያ ላይ ለሚሠራ ቡድን ይኼ ቀልድ አይደለም።

ሁኔታዎቹንም አትርሺ፦ ባዶ፣ በመጫን ላይ፣ ስህተት፣ ፈቃድ የለውም፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች። በዳታ የሞላ ስክሪን ማንም ይሠራል። እውነተኛ ርዝመት ያለው መጠን፣ ለምሳሌ 1,204,377.50፣ ሲገባበት ለሁለት መስመር የተሰበረ ካርድ አይቻለሁ። በፊደላችን የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የመስመሩ ቁመት ለላቲን ተለክቶ ስለሚመጣ የፊደሎቹ አናት የሚቆረጥበት ጊዜ አለ፤ እሱንም እዩት።

---

ያልተሰየመ_ፍሬም

@ግራ_ጠርዝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል ይጻፋል ብዬ አልጠበቅሁም። የመደረቡን ነገር ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የኛ ላይብረሪ ንጹሕ አይደለም። «ዋና ቁልፍ»፣ «ዋና ቁልፍ አዲስ» እና «ዋና ቁልፍ አዲስ የመጨረሻ» የሚባሉ ሦስት ኮምፖነንቶች አሉን። ከመፈተናችን በፊት ማጽዳት አለብን? ሁለተኛ፣ ያንን የሚያሳፍር ስክሪን ስሰጠው ውስጡ የደንበኛ ዳታ አለ። ይህ እንዴት ይሆናል?

---

ፑል_ሪኩዌስት

«የመጨረሻ» የሚል ስም ያለው ኮምፖነንት መቼም የመጨረሻ ሆኖ አያውቅም :)

ከኮዱ በኩል ልናገር፣ ፍሮንትኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየውን በኩል የምጽፍ) ነኝ። ላይብረሪውን ሁሉ አታጽጂ፤ ዓመት ይፈጅብሻል፣ መሣሪያውም እስከዚያ ይለወጣል። ለፈተናው በመረጥሽው ስክሪን ላይ ያሉትን ኮምፖነንቶች ብቻ አስተካክዪ። ከሦስቱ ቁልፎች ሁለቱን አስወግጂ፣ ለቀረው ምን እንደሚሠራ በአንድ መስመር ግለጪለት። ይሄ ነገር ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ፊግማ በሰኔ 2025 ኤምሲፒ ሰርቨር (የዲዛይን ፋይሉን ከኤአይ ጋር የሚያገናኝ) ብሎ በቤታ (ለሙከራ) ያወጣው ነገር አለ። ኮድ የሚጽፈው ኤጀንት ከምስሉ ባሻገር ኮምፖነንቱንና ቫሪያብሉን በስማቸው ያነባል። ኮድ ኮኔክት በተባለው የፊግማ መሣሪያ ካያያዛችሁት ደግሞ «ይህ በተን በኮዳችን ውስጥ ይህኛው ነው» ብሎ ያውቃል። ስሙ ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ያው መገመት ነው፤ የሚገምተውም በሙሉ ልብ ነው፣ ችግሩ።

ኮድ የሚያወጡትን በተመለከተ፣ እናንተ በምን ነው የምትጽፉት? እኛ በቪዩ ነው፤ ከሪአክት የተለየ መሥሪያ ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ዝም ካልሻቸው ሪአክት ነው የሚሰጡሽ። ያኔ ኮዱ ለኛ ሥዕል ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል፣ ግን ሥዕል።

አንድ ያየሁትን ላጫውትሽ። አንዱ ፕሮዳክት ማናጀራችን የክፍያ ፕሮቶታይፕ ይዞ መጣ። «ክፈል» ሲባል «ክፍያ በመፈጸም ላይ» ይላል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ አረንጓዴ ምልክት ይመጣል። በጣም ያምራል። ስብሰባው ላይ የነበረ አንድ ኃላፊ «እንዴ፣ አልቋል እኮ! መቼ ነው የምንለቀው?» አለ። ኮዱን ከፈትኩት። ክፍያ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሰከንድ ጠብቅና «ተሳክቷል» በል የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ካርዱ ባይሠራም ይሳካል። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሳካል። የደንበኞቹ ስም ዝርዝር እዚያው ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል።

መሣሪያውን አልከስም፤ ፕሮቶታይፕ ተጠየቀ፣ ፕሮቶታይፕ ሰጠ። ግን በግምገማችሁ ላይ ይህን ጥያቄ አስገቡ፦ ውጤቱን ያየ ሰው ያለቀውንና የማስመሰያውን መለየት ይችላል? ካልቻለ ከላይ «ማሳያ» የሚል ጉልህ ጽሑፍ ይለጠፍበት። እኛ ይህን ደንብ አድርገነዋል። ፕሮቶታይፕ ያለዚያ ጽሑፍ ስብሰባ አይገባም።

የምለካው አንድ ነገር ብቻ ነው። መሣሪያው ከጻፈው ኮድ ውስጥ ሪቪው (የባልደረባ ፍተሻ) አልፎ ዋናው ብራንች (የምርቱ ዋና ኮድ) የገባው ስንቱ ነው? የኮዱን ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ይነግርሻል፤ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም። መጀመሪያ ላይ 800 መስመር አውጥቶ በመጨረሻ 60 ከተረፈ፣ 740ውን አንብቦ የጣለ ሰው አለ። የዚያ ሰው ሰዓት የማንም ሰንጠረዥ ላይ አይገባም።

---

ታብ_ብቻ

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ሁልጊዜም የሚቀረው እሱ ነው። ተደራሽነት፤ አካል ጉዳተኞችም ሊጠቀሙበት መቻላቸው።

ማውሱን ንቀዪውና የወጣውን ነገር በታብ ቁልፍ ብቻ ተጠቀሚበት። የት እንዳለሽ የሚያሳይ ጠርዝ ይታይሻል? ብቅ ያለውን መስኮት በኪቦርድ መዝጋት ይቻላል? ወይስ ትኩረቱ ከኋላ ባለው ገጽ ላይ ይንከራተታል? አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ብዙ ቆንጆ ስክሪን እዚህ ይወድቃል።

ቁጥር ለሚፈልግ አለቃ ቁጥርም አለ። በደብሊውሲኤጂ (በዓለም አቀፉ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ) ደብል ኤ ደረጃ የመደበኛ ጽሑፍ የቀለም ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1፣ የትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 መሆን አለበት። በጥቅምት 2023 የወጣው የመመሪያው 2.2 ዕትም ደግሞ የሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክሰል እንዲሆን ይጠይቃል፤ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉት። እነዚህ መሣሪያዎች ፈዛዛ ግራጫ በነጭ ላይ ይወዳሉ። ለኔ ለግምገማ ጥሩነቱ፣ ንፅፅር በአስተያየት የሚከራከሩበት ነገር አለመሆኑ ነው። ወይ ያልፋል ወይ ይወድቃል። አውሮፓ ውስጥ ደንበኛ ካላችሁም የተደራሽነት ሕጋቸው ከሰኔ 28 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ለተጠቃሚ የሚቀርብ የባንክ አገልግሎትና የኦንላይን ሽያጭ ይመለከተዋል።

«ተደራሽ አድርገው» ብለሽ ስታዥው የሚያደርገውንም እዪ። አንዱ ለሁሉም ቁልፍ መለያ ጽሑፍ ጨመረ። ደስ አለኝ። በስክሪን ሪደር (ለማያዩ ሰዎች ስክሪኑን ጮክ ብሎ በሚያነበው) ስሰማው «በተን፣ በተን። በተን፣ በተን። በተን፣ በተን» ይላል። የእያንዳንዱን በተን ስም «በተን» ብሎታል። አውቶማቲክ መፈተሻው ግን አረንጓዴ ነው፤ ስም አለው እኮ።

---

ባክሎግ_ጠባቂ

ተመለስኩ። የዳታውን ጥያቄ ልውሰደው፣ ከሕግ ክፍል ጋር ስጨቃጨቅ የከረምኩበት ስለሆነ።

እውነተኛ የደንበኛ ዳታ ፈጽሞ አታስገቢ። ስሙን፣ መጠኑን፣ የሂሳብ ቁጥሩን በሐሰተኛ ተኪ። ግን ቅርጹን ጠብቂ፤ ረጅሙ ስም ረጅም ይሁን፣ ባዶው ባዶ ይሁን። አለዚያ ግራ_ጠርዝ ያለው ፈተና ዋጋ የለውም።

ከዚያ ሴቲንጉን ክፈቺ። መሣሪያው ይዘታችሁን ለሥልጠና ይጠቀማል? ማነው የሚዘጋው፣ እያንዳንዱ ሰው ወይስ አስተዳዳሪው? በየትኛው የክፍያ ደረጃ ላይ ነው ነባሪው የሚለያየው? ፊግማን ብንወስድ፣ ከነሐሴ 15 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ እንዲውል ባደረገው አሠራር፣ በስታርተርና በፕሮፌሽናል ደረጃ ያሉት ራሳቸው ካልዘጉት ክፍት ነው፤ በኦርጋናይዜሽንና በኢንተርፕራይዝ ያሉት ደግሞ ራሳቸው ካልከፈቱት ዝግ ነው። ነገሩ ይለዋወጣልና የዛሬውን ገጽ አንብቢ። ያነበብሽበትን ቀንም ጻፊ፤ ሕግ ክፍል ያንን ይወዳል።

የባለቤትነት ጉዳይም አለ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በጥር 2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ፕሮምፕት መጻፍ ብቻውን ደራሲ አያደርግም ብሏል። የሰው እጅ የገባበት ክፍል ግን ሊጠበቅ ይችላል። ለተራ የቅንብር ገጽ ማንም ግድ የለውም። ለሎጎና ለሥዕል ግን ጠይቂ።

ክሬዲቱንም እዪ። ብዙዎቹ የሚያስከፍሉት በክሬዲት ነው፤ መሣሪያው ራሱ ያበላሸውን እንዲያስተካክል ስትጠይቂውም ይቆጥርብሻል። ስለዚህ ወርሃዊ ክፍያውን ሳይሆን አንድ ተቀባይነት ያገኘ ስክሪን ስንት ክሬዲት እንደበላ አስዪ።

@ፑል_ሪኩዌስት ያ ፕሮዳክት ማናጀር እኔ ብሆን ኖሮ በጣም አዝንብህ ነበር :) ፕሮቶታይፑ ሥራውን ሠርቷል እኮ። ስድስት ገጽ ሰነድ ብጽፍ ያ ኃላፊ ርዕሱን እንኳ አያነበውም።

---

ግራ_ጠርዝ

@ባክሎግ_ጠባቂ እዚህ ላይ አልስማማም። ሰነዱን አያነበውም፣ ልክ ነህ። ነገር ግን ስክሪን ይዘህ ስትመጣ ውይይቱ ሁሉ ስለ ስክሪኑ ይሆናል። «ይህ ቁልፍ ለምን እዚህ ሆነ?» «ሰማያዊ ቢሆንስ?» ደንበኛው ችግሩ አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ስብሰባው ያልቃል። ድሮ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ወረቀት ስናመጣ ሰው ሐሳቡን ነበር የሚተቸው። አሁን ገና ያልታሰበበት ሐሳብ ሱፍ ለብሶ እየመጣ ነው።

---

ባክሎግ_ጠባቂ

ይሄማ የመሣሪያው ሳይሆን የስብሰባው መሪ ችግር ነው። ሻካራ ዋየርፍሬም (የስክሪኑን አጽም ብቻ የሚያሳይ ንድፍ) የሚያወጣ መሣሪያ ምረጥ፤ ፈርስት ድራፍትም እኮ ዋየርፍሬም ያወጣል። ግን ነጥብህ ገብቶኛል።

---

ያልተሰየመ_ፍሬም

ስትጨቃጨቁ ደስ ይላል፣ ቀጥሉ።

እስካሁን የወሰንኩትን ልንገራችሁ። «አንዱን ምረጪ» የሚለውን ለሁለት ከፍዬ ለአለቃዬ አቀርባለሁ፦ አንድ ለፕሮዳክት ማናጀሮች የሚጣል ፕሮቶታይፕ፣ አንድ ለኛ ያለ ስክሪን ላይ የሚሠራ። ለሁለተኛው የምጠቀመው የደረሰኝ ማስታረቂያውን ስክሪን ነው፤ ከሱ የባሰ የለንም። ሐሰተኛ ዳታ እሞላበታለሁ፣ ሦስቱን ቁልፎች አንድ አደርጋቸዋለሁ። ለሁሉም የሚሰጠው ለውጥ አንድ ይሆናል። ሰዓቱ የሚቆመው ዴቨሎፐሩ እሺ ሲል ነው። ታብና ንፅፅር የማያልፍ ከውድድሩ ይወጣል፣ ነጥብ የለም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ «እሺ» የሚለው ዴቨሎፐር ማን ይሁን? ከልጆቹ ሁለቱ ከወዲሁ የሚወዱት መሣሪያ አላቸው፤ አንዱ ደግሞ ሁሉንም ይጠላል።

---

ፑል_ሪኩዌስት

የሚጠላው ይሁን። ከሚወዱትም አንዱ ይጨመር። ግን የቱ ከየት እንደመጣ እንዳያውቁ አድርጊ። የመሣሪያውን ስም ከፋይሉ አጥፊ፣ ሌየር ላይ የሚጥለው የራሱ ምልክት ካለ እሱንም። ሁሉንም ወደ አንድ የፊግማ ፋይል አስገቢና ሀ፣ ለ፣ ሐ በያቸው፤ ለሁለቱ ሰዎች ቅደም ተከተሉን ቀያይሪው። ኮድ የሚያወጡትን በሌላ ዙር ለብቻቸው አድርጊያቸው፣ እነሱ በአንድ ፋይል አይገቡም።

ከባልደረቦችሽ አንዳቸው በእጅ የሠሩትን አንድ ስክሪንም ቀላቅዪበት። ስለሱ ግን ለማንም አትናገሪ፤ ለአለቃሽም ቢሆን ውጤቱ እስኪወጣ።

---

ግራ_ጠርዝ

በእጅ የሚሠራው ላይ ሌየሮቹን ስም እንዲሰጧቸው ብቻ ንገሪያቸው። አለዚያ በፍሬም ቁጥሩ ኤአይ ነው ብለው ይጥሉታል።